ስለ ወገብ መርፌ ጠይቁኝ፦ ከተወጋችሁ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ዛሬ ስለ ወገብ መርፌ የምትፈልጉትን ጠይቁ። ጎንደር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መርፌውን የሚወጋው ሐኪሙ ነው፤ እኔ የምገባው ከዚያ በኋላ ነው። የማወራው ነርቭ አካባቢ ስለሚሰጠው የስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) እና የማደንዘዣ መርፌ ነው። መቀመጫ ላይ ስለሚወጋው የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፊናክ፣ አይደለም። ሁለቱ በየጊዜው ይደባለቃሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ከመርፌው በኋላ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ እዚህ አትጻፉ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከአዘዞ፦ ዶክተር፣ በተወጋሁ ዕለት ማታ ሕመሙ ድርግም ብሎ ጠፋ። በነጋታው ግን ከድሮው ባሰብኝ። ተበላሸ ማለት ነው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አልተበላሸም። በመርፌው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ማደንዘዣው ወዲያው ይሠራል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይለቃል። ስቴሮይዱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። አብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፤ እስከ 2 ሳምንት የሚቆይበትም አለ። አንተ አሁን በሁለቱ መካከል ነህ። የተወጋው ቦታም ራሱ ጥቂት ቀን ይቆጣል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ 15 ደቂቃ ያዝበት። ሙቅ ነገር ለጊዜው ይቅር። ከፓራሲታሞል ውጭ ሌላ ማስታገሻ ከመጨመርህ በፊት የወጋህን ሐኪም ጠይቅ። 2 ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራልኝም» አትበል።

ከማራኪ፦ ስንት ቀን ልተኛ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነው የምጠብቀው። የተወጋሽ ዕለት ዕረፊ። እግርሽ ለሰዓታት ሊደነዝዝ ስለሚችል ሰው ሳይዝሽ ደረጃ አትውረጂ፤ መኪናም አትንጂ። በነጋታው ተነሺ። መተኛት ወገብን አያድንም። ይልቁንም ጡንቻውን ያሟሽሸዋል።

መርፌው ከቦታው የወጣውን ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ መሰል ነገር፣ ወደ ቦታው አይመልስም። ነርቩ ዙሪያ ያለውን ብግነት ነው የሚያበርደው። ደግሞ ይበልጥ የሚረዳው ወደ እግር ለሚወርደው ሕመም ነው፤ ያውም ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት። በእነዚያ ወራት የማይንቀሳቀስ ሰው ሕመሙ ሲመለስ የሚያገኘው ያንኑ ደካማ ወገብ ነው። የምለምናችሁ ለዚህ ነው። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ በእግር ሂዱ። በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ጨምሩ። ሜዳ ሜዳውን ምረጡ። ወደ ጎሃ ወይም ወደ ቁስቋም የሚያወጣው ዳገት ለመጀመሪያው ሳምንት አይሆንም። ሆድንና ዳሌን የሚያጠነክረውን ስፖርት ደግሞ ሕመሙ በረድ ሲል፣ ባለሙያ አሳይቷችሁ ጀምሩ።

ባለባጃጁ፦ እኔ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገብቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ሰውን ባታስፈራሩት?

መልስ፦ እሰየው፣ እንኳን ደኅና ሆንክ። ግን ኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መንገጫገጭ ለተቆጣ ነርቭ ጥሩ አይደለም። የአንተን ዕድል ለሁሉም አልመክርም። ቢያንስ በየሰዓቱ ወርደህ ተንጠራራ፣ ጥቂት ተራመድ።

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሠፈር፦ ስንት ቀን ነው የሚተኛው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ከቆላ ድባ፦ መርፌው ካልያዘልኝ ወገሻ ጋ ልሂድ?

ባለሱቁ፦ ሂድ እንጂ! እኔን ያዳነኝ ወገሻ ነው። ሐኪም ቤት ብሩን ጨርሼ ነው የተመለስኩት።

የነርሲንግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ የአንተ ወለምታ ነበር። ይሄ ሌላ ነው። ሰውየውን አታሳስተው።

ባለሱቁ፦ ወለምታ መሆኑን በምን አወቅሽ? አይተሽኛል?

መልስ፦ ይብቃችሁ። ወለምታ የሚያቃኑ እጀ ብርቱ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ግን ወገብ የተወጋ ሰው በነዚህ ሳምንታት አይታሽም፣ አይጠመዘዝም፣ ጀርባውም ላይ አይረገጥም። ዋግምትም አይሆንም። መርፌ የገባበትን ቦታ እንደገና መብጣት ለኢንፌክሽን በር መክፈት ነው። አከርካሪ አጠገብ የገባ ኢንፌክሽን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ትኩሳት ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ያልኩትም ለዚህ ነው።

ከቀበሌ 16፦ እናቴ ስኳር አለባት። ከተወጋች ወዲህ ልኬቱ አልወርድ አለ።

መልስ፦ ስቴሮይዱ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ልኬቱ ለቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ሳምንት ከፍ ይላል። ከወትሮው ደጋግመሽ ለኪላት። ውኃ ጥም ከበዛባት፣ ቶሎ ቶሎ ከሸናች ወይም ካስመለሳት ቶሎ ውሰጃት። ኢንሱሊኑን በራስሽ አትጨምሪ፣ አትቀንሺም፤ ለሚከታተላት ሐኪም ደውዪ። ገና ያልተወጋችሁ ደግሞ ስኳር እንዳለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛም የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ማቅጠኛውን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ከአራዳ፦ የጥምቀት ሰሞን ነው የምወጋው። ፋሲል መዋኛ ልገባ እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም። ገላህን በሻወር መታጠብ ከ24 ሰዓት በኋላ ትችላለህ። ውኃ ውስጥ መነከር ግን፣ መዋኛም ሆነ ወንዝ፣ ለ3 ቀን ይቅር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥር 11 ቀን ከዳር ዘሎ መግባት ለወገብህ አይበጅም። ዳር ቆመህ ጠበሉ ሲረጭ ይድረስህ።

ወለተ ማርያም፦ በጠበል ኢንፌክሽን የተያዘ ሰው ታውቂያለሽ? እምነት የጎደለው ምክር ነው።

ከአራዳ፦ ኧረ እህቴ፣ ስለ መርፌው ቀዳዳ ነው የምታወራው።

መልስ፦ ጠበል አትጠመቁ አላልኩም። እኔም ጥምቀትን እዚያው ነው የማከብረው። 3 ቀን ጠብቁ ነው ያልኩት። በዚህ ላይ ሌላ አልመልስም።

ስም ያልጻፈ፦ ወገቤን ያመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዚህ ምንም ማለት አልችልም። ከመቼ ጀምሮ? ወደ እግር ይወርዳል? ተወግተሃል ወይስ አልተወጋህም? እሱን ጻፍና ተመለስ።

ከፒያሳ፦ የትኛው ሐኪም ጥሩ ይወጋል? ዋጋውስ?

መልስ፦ ስም አልጠራም። ዋጋውን የምትወጉበት ቦታ ጠይቁ።

ከአዘዞ፦ ስቀመጥ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ስተኛ ይተወኛል።

መልስ፦ ይህን ዛሬውኑ ለወጋህ ሐኪም ንገር። መርፌው የአከርካሪውን ሽፋን ነክቶት ፈሳሽ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ተኛ፣ ፈሳሽ ጠጣ። አንገትህ ከገተረ ወይም ካተኮሰህ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ውኃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ጀሪካን ማን ያንሳልኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ገብቶኛል። ሞልቶ የተቀዳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ጎረቤት ወይም ልጆቹ ያግዙሽ፤ ለምኚ፣ አትፈሪ። ከዚያ በኋላም ሙሉውን አታንሺ። በባለ 5 ሊትር ቅጂ፣ በሁለቱም እጅሽ እኩል ያዢ። ስታነሺ ጉልበትሽን እጠፊ፤ ዕቃውን ወደ ሆድሽ አስጠጊ። አንስተሽ ወደ ጎን አትጠምዘዢ፤ መላ ሰውነትሽን በእግርሽ አዙሪ። ወገብ በዚያች መጠምዘዝ ሊቀጭ ይችላል። እንጀራም ቆመሽ የምትጋግሪበትን ከፍታ አመቻቺ። ቡና ስታፈዪ ዝቅ ካለው ዱካ ይልቅ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ረከቦቱንም ጠረጴዛ ላይ አውጪው።

ከልደታ፦ ሁዳዴ እየመጣ ነው። ስግደትስ?

መልስ፦ ጎንበስ ቀናው ለጊዜው ይቅርብዎ፣ እማማ። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም።

ባለባጃጁ፦ በዓመት ስንቴ መወጋት ይቻላል?

መልስ፦ በአብዛኛው ከ3 ወይም ከ4 አይበልጥም። ስቴሮይድ ሲደጋገም አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል። የመጀመሪያው ምንም ካልረዳህ ያንኑ መድገም ሳይሆን ሕመሙ በእርግጥ ከዚያ ነርቭ መሆኑን እንደገና ማስመርመር ነው።

ከደባርቅ፦ እንደተወጋሁ በዚያው ቀን ልመለስ?

መልስ፦ ዘመድ ካለህ ጎንደር እደር። የመጀመሪያውን ሌሊት ከሆስፒታል ሩቅ ባትሆን ይሻላል። የግድ ከሆነ ብቻህን አትሂድ። ከፊት ወንበር ተቀመጥ፣ መደገፊያውን ጋደም አድርገው። ዳባት ላይ ውረድና 5 ደቂቃ ተራመድ።