ያገለገለ ፕራዶ ለአረጋውያን መጦሪያ መስጠት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ቤተሰባችን ለብዙ ዓመት የተገለገለበትን የ2006 ስሪት ናፍጣ ፕራዶ በገጠር ላለ የአረጋውያን መጦሪያ ልሰጥ ግሸን ማርያም ተስያለሁ። መጦሪያው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይጦራል። አሮጌ መኪና መስጠት ነውር አይሆንም? ሸጬ ገንዘቡን ብሰጥስ? ከዐሥራቴ ይታሰብልኛል? በሩ ላይ የሟች አባቴን ስም ባስጽፍስ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ እመቤታችን ስለትዎን ታስፈጽምዎ።

በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 7 የእስራኤል አለቆች 6 የተከደኑ ሠረገሎችና 12 በሬዎች ለመገናኛው ድንኳን አመጡ። ሙሴ ያከፋፈለው በሥራው ልክ ነው። መጋረጃውን ለሚሸከሙት ለጌድሶን ልጆች 2፣ ሳንቃውንና ምሰሶውን ለሚሸከሙት ለሜራሪ ልጆች 4 ሰጠ። ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ለሚሸከሙት ለቀዓት ልጆች ግን ምንም አልሰጠም። እርስዎም አስቀድመው መጦሪያው ለመኪናው ሥራ እንዳለው ይጠይቁ። በወር ስንት ሕመምተኛ ወደ ደሴ ያመላልሳሉ? መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አላቸው? ናፍጣውን ማን ይገዛል?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ስጦታ አበላሽቷል። እንዲህ ያለ ፕራዶ በእኛ ዳገት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 12 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢሠራ 120 ሊትር ማለት ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወደ 7 ሊትር ዘይትና ፊልትሮ ይፈልጋል፤ ጎማ፣ መድንና ቦሎም አለ። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በራሱ አህያ ጭኖ አልቀረም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ 2 ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። ስለዚህ ከቻሉ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ከመኪናው ጋር ይስጡ። አቅምዎ ካልፈቀደ ደግሞ ይህን ሳይደብቁ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ግቢ ቆሞ ጎማው የሚበሰብስ መኪና ለአረጋውያኑ ሸክም ነው። ሳምራዊው የተጎዳውን ወገኑ ማን እንደሆነ እንዳልጠየቀው ሁሉ፣ መጦሪያው ሙስሊሙንም መያዙ ምጽዋትዎን አያጎድለውም። ወሎ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ማርጀቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጉድለቱን ሸሽጎ መስጠት ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀረቡትን፣ ይህንን እስኪ ለአለቃህ አቅርበው ብሎ ገሥጿል። እንግዲህ ከማስረከብዎ በፊት ጥሩ መካኒክ ያሳዩት። በዚህ ባለ 3,000 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ላይ በተለይ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ሥር ያለችው የመዳብ ሮንደላ (ቀለበት) ናት። እሷ ስታፈስ ጥቀርሻ ከዘይቱ ይቀላቀልና ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን ማጥለያ ይደፍናል፤ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ጠዋት አልነሳ ካለ ወይም ዘይቱ እንደ ሬንጅ ከወፈረ ጊዜ አይስጡት። ሁለተኛው የቫልቩንና የፒስተኑን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቤልቱ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የቲ ቤልት መብራት ከበራ ሳይቀየር አይሰጥም፤ መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጫል። ፍሬኑንም ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሐረጎ ላይ ይሞክሩት፤ ቁልቁለቱ መሐል ፔዳሉ እየላላ ከሄደ የፍሬን ሸራውና የፍሬን ዘይቱ ይቀየር። ስኮርታና ክሪክ አይጉደል። የኋለኛው ወንበር ቢወጣ ቃሬዛ ይገባል፤ መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ ለአረጋዊ መርገጫ ያስፈልገዋል።

መሸጥን በተመለከተ፣ መጦሪያው መኪና ካላስፈለገው ሽጠው ዋጋውን መስጠት ያው ምጽዋት ነው፤ በርናባስ እርሻውን ሽጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ አኑሯል። ሽያጩን ግን እርስዎ ይፈጽሙት፤ እነሱ ከእርስዎ ተቀብለው የሚሸጡ ከሆነ ስም ማዛወሩም ክፍያውም ሁለት ጊዜ ይሆናል። የተሳሉት ራሱን መኪናውን ስለሆነ፣ በገንዘብ ከመለወጥዎ በፊት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። በኦሪት ዘሌዋውያን 27 ለመሥዋዕት የማይቀርብ እንስሳ ተስሎ ሊዋጀው የፈለገ፣ ካህኑ በገመተው ዋጋ ላይ አምስተኛ እጅ ይጨምር ነበር። ዛሬ ያ ሥርዓት ዕዳ ሆኖ አይጫንብዎትም፤ ነገር ግን ስለት ሲለወጥ ዋጋው ዝቅ እንዳይል ያስተምረናል። በ800 ሺህ ሸጠው 600 ሺህ ነው ያወጣልኝ ቢሉ ግን የሸጡትን መሬት ዋጋ ከፍለው አስቀርተው ሐዋርያትን የዋሹት የሐናንያና የሰጲራ መንገድ ነው።

ዐሥራት ከገቢዎ የሚወጣ ነው፤ ይህ ስለትና ምጽዋት ነው፤ አይቀላቀሉም።

ወረቀቱ ላይ አይቸኩሉ። መኪናው የትዳር ሀብት ከሆነ የባለቤትዎ ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ስጦታው በሕግም በኅሊናም ጎዶሎ ነው። የባንክ እግድና የትራፊክ ቅጣት አስቀድሞ ይጠራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ጉምሩክ ሳይፈቅድ አይተላለፍም። የስጦታ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ፤ ሊብሬው በመጦሪያው በራሱ ስም ይዙር። ለጊዜው በሥራ አስኪያጁ ወይም በአንድ አባት ስም ይሁን የሚል ምክር አይቀበሉ፤ ሰውየው ሲያርፍ ወራሾች መኪናው የእኛ ነው ይላሉ። ቁልፉን ሰጥተው ሊብሬውን በስምዎ ካቆዩም፣ መኪናው ሰው ቢገጭ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። ሲያስረክቡ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ የቆጠረው ኪሎ ሜትርና የታወቀው ጉድለት ሁሉ ተጽፎ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ።

የአባትዎን ስም በሩ ላይ ከማስጻፍ ክርስትና ስማቸውን ለካህኑ ሰጥተው በጸሎተ ቅዳሴ ቢያሳስቧቸው ይበልጣል። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለዚህ ነው። ከሰጡ በኋላም ለልጅ ሠርግ አጀብ ወይም ለግሸን ጉዞ መልሱልኝ አይበሉ፤ በዚያው ቀን መጦሪያው ውስጥ ሐኪም ቤት መድረስ ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል።