ዊንዶውስ 7ን ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ላይ መጫን፦ ጥያቄና መልስ

አንዳንድ የላብራቶሪና የፋብሪካ ማሽኖች መቆጣጠሪያ ፕሮግራማቸው ከዊንዶውስ 7 በላይ አይሠራም። የድሮው ኮምፒውተር ሲሞት ደግሞ የሚተካው በአዲስ ነው፤ የአዲሱም ዲስክ ብዙ ጊዜ ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣን ዓይነት ኤስኤስዲ (ተሽከርካሪ ክፍል የሌለው ዲስክ) ነው። መልሶቹ ባለ 64 ቢቱን፣ ሰርቪስ ፓክ 1 ያለውን ዊንዶውስ 7 የሚመለከቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። መጫኛው በፍላሽ ይነሳል፤ ዲስክ የሚመረጥበት ቦታ ስደርስ ግን ዝርዝሩ ባዶ ነው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚከፈተው መቼት) ኤስኤስዲውን ያየዋል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኤስኤስዲው ደህና ነው። ዊንዶውስ 7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የኤንቪኤምኢ የመጀመሪያው ስታንዳርድ የወጣው ደግሞ በ2011። ስለዚህ መጫኛው ውስጥ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያነብ የሚያስችለው ፕሮግራም) የለም። ማይክሮሶፍት ኋላ ላይ ኬቢ2990941 የተባለ ማሻሻያ አወጣ። እሱ ብቻውን ሲገባ 7ኢ የሚል የስህተት ኮድ ያለው ሰማያዊ ስክሪን ሊያመጣ ስለሚችል፣ ማስተካከያው ኬቢ3087873 አብሮት መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም አስገብቼ ዲስኩ ታየ፣ ፋይሎቹም ተገለበጡ። ሪስታርት ሲያደርግ ግን 7ቢ ብሎ ቆመ።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፍላሹ ላይ ሁለት ትልልቅ ፋይሎች አሉ። ቡት.ዊም መጫኛውን ራሱን ያስነሳል፤ ኢንስቶል.ዊም ግን ዲስኩ ላይ የሚገለበጠው ዊንዶውስ ነው። ያስገባኸው ቡት.ዊም ላይ ብቻ ከሆነ፣ መጫኛው ዲስኩን ያያል፣ የተጫነው ዊንዶውስ ግን የተነሳበትን ዲስክ ማንበብ ያቅተዋል። 7ቢ ማለት ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዊንዶውስ 7 መጫኛ ዲቪዲውን ይዘት በሙሉ ዊንዶውስ 10 ባለው ኮምፒውተር ላይ ወዳለ ፎልደር ገልብጥ። ከዲቪዲ የተገለበጠ ፋይል "ሪድ ኦንሊ" ሆኖ ስለሚመጣ ምልክቱን አንሳው፤ አለዚያ ዲስም (የዊም ፋይሎችን የሚያስተካክለው የዊንዶውስ ትእዛዝ) ለለውጥ አይከፍተውም። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈትና በዲስም ቡት.ዊምን ባዶ ፎልደር ላይ ማውንት አድርግ (ይዘቱን እዚያ ክፈተው)፣ ሁለቱን ማሻሻያዎች ጨምር፣ "ኮሚት" (ለውጡን አስቀምጥ) ብለህ ዝጋ። ቡት.ዊም ውስጥ ኢንዴክስ 1 እና 2 የተባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ መጫኛው የሚሠራው በ2 ነው፣ ለሁለቱም አድርገው። ቀጥሎ ኢንስቶል.ዊም ውስጥ ለምትጭነው እትም፣ ለምሳሌ ለፕሮፌሽናል፣ ያንኑ ድገም። ሳትዘጋው ፎልደሩን ከሰረዝከው ሥራው ሁሉ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ መጫኛው ሲከፈት ኪቦርዱም ማውሱም ይሞታሉ። ባዮስ ላይ ግን ይሠራሉ።

መልስ፦ ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨርም የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ የኢንቴል ስካይሌክ ወዲህ ያሉት ማዘርቦርዶች የድሮውን የዩኤስቢ 2.0 መቆጣጠሪያ ስላስወጡ፣ ቀዳዳው እንደ ዩኤስቢ 2.0 ጥቁር ቢሆንም ከኋላው ያለው አዲሱ የ3.0 መቆጣጠሪያ ነው። "የሲዲ/ዲቪዲ ድራይቨር የለም" የሚለው አሳሳች መልእክትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ መጫኛው የተነሳበትን ፍላሽ ማየት አቅቶታል። የማዘርቦርዱን የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር እንደ ኤንቪኤምኢው በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ ጨምር። ክቡ የፒኤስ/2 ቀዳዳ ካለ ለመጫኛው ጊዜ ኪቦርዱን እዚያ መሰካት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባዮስ ላይ ሌጋሲ (የድሮውን አነሳስ) ልምረጥ ወይስ ዩኢኤፍአይ (አዲሱን)? ላፕቶፔ "ስታርቲንግ ዊንዶውስ" ላይ ይቆማል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዩኢኤፍአይ ምረጪ፤ አብዛኞቹ ኤንቪኤምኢ ዲስኮች በሌጋሲ አይነሱም። ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን) አጥፊ። ሲኤስኤም የሚለውን (ዩኢኤፍአይ ላይ የድሮውን ባዮስ የሚያስመስለውን) ግን አብሪው፦ ዊንዶውስ 7 ሲነሳ ስክሪኑን የሚጠራው በድሮው የባዮስ መንገድ ስለሆነ፣ ሲኤስኤም ሲጠፋ ያልሽው ቦታ ላይ ይደርቃል። ላፕቶፑ ሲኤስኤም ጭራሽ ከሌለው፣ ዊንዶውስ 7ን በቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ ብትጭኚው ይሻላል።

ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጊው። ማሻሻያ የተጨመረበት ኢንስቶል.ዊም ከ4 ጊጋባይት ካለፈ ፋት32 አይቀበለውም፤ በዲስም ከፋፍይው። ዲስኩ በኤምቢአር (በድሮው የአከፋፈል ዘዴ) ከተከፈለ፣ ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው አዲሱን ጂፒቲ ስለሆነ፣ መጫኛው ውስጥ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫኚ፣ ዲስክፓርት ውስጥ ዲስኩን መርጠሽ "ክሊን"፣ ቀጥሎ "ኮንቨርት ጂፒቲ" በዪ። ክሊን ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ሌሎቹን ዲስኮች አስቀድመሽ ንቀዪ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ኤክስፒስ?

መልስ፦ ኤንቪኤምኢ ላይ አትሞክረው። ሳታ ኤስኤስዲ (በድሮው የዲስክ ገመድ የሚሠራው) ላይ ግን ይቻላል። ባዮስ ላይ የሳታውን አሠራር ከአዲሱ ኤኤችሲአይ ወደ ድሮው አይዲኢ ቀይር፣ አለዚያ እዚያም 7ቢ ይመጣል። ኤክስፒ ራሱ ክፍልፋዩን ከሴክተር 63 ስለሚጀምር በ4 ኪሎባይት ከሚሠራው ዲስክ ጋር አይገጥምም፣ መጻፉም ይዘገያል። ክፍልፋዩን አስቀድመህ በዊንዶውስ 7 መጫኛ ሥራው፤ እሱ ከሴክተር 2048 ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አድርጌያለሁ፣ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ አሁንም አይታይም።

መልስ፦ ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲ (የኢንቴል የዲስክ ማስተዳደሪያ) የሚል ካለ አጥፋው፤ ዲስኩን ከኋላው ስለሚደብቀው የጨመርከው ድራይቨር አያገኘውም። ያው ማሽን ላይ ሌላ ዊንዶውስ ካለ፣ ቪኤምዲ ሲጠፋ እሱም ላይነሳ ስለሚችል አስቀድመህ ባክአፕ ያዝ።