የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጭድ ጎን የከረመችው አውሮፕላን

ጥያቄ፦ በለገጣፎ ዳርቻ የምኖር፣ በጡረታ ላይ ያለሁ የመኪና መካኒክ ነኝ። አጎቴ ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንድ የእርሻ ድርጅት በጨረታ የገዛት ባለ ሁለት መቀመጫ ፓይፐር ሱፐር ከብ አውሮፕላን ክንፎቿ ተፈትተው በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከጭድ ጎን ተቀምጣለች። አጎቴ ሲያርፍ ለእኔ ደረሰችኝ። ሞተሯ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ሲሆን የሰፈር ልጆች ፕሮፔለሩን ሲያዞሩት ያለ ችግር ይዞራል። ጨርቋ ተቀዳዷል፤ ብረቷ ግን ደህና ይመስላል። በትርፍ ጊዜዬ ላድሳት አስቤአለሁ። ከሞተሩ ልጀምር ወይስ ከአካሏ? ጨርቁን በጠንካራ አቡጀዲ ብተካውስ? መብረር ባትችል ድካሜ ከንቱ ይቀራል?
የለገጣፎ አንባቢ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በየወሩ አይመጣምና። ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ ግን አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ከዛሬ ጀምሮ ፕሮፔለሩን ማንም እንዳይነካው፣ በተለይ ልጆች እንዳይቀርቡት ያድርጉ። የአውሮፕላን ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን ራሱ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ማግኔቶ ነው። ማጥፊያው የሚሠራው ማግኔቶውን በአንዲት ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት ስለሆነ፣ ያች ሽቦ ከተበጠሰች ወይም አይጥ ከቆረጣት ማጥፊያው «ጠፍቷል» የሚለው ላይ ቢሆንም ማግኔቶው ንቁ እንደሆነ ይቀራል። በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት የነዳጅ ትነት ካለ፣ አንድ ጊዜ በእጅ ማዞር ብቻ ሞተሩን ሊያስነሣውና የልጅ እጅ ሊቆርጥ ይችላል።

«ያለ ችግር ይዞራል» ማለትዎም ለሞተሩ ጤንነት ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተቀመጠው ከክራንክሻፍቱ (ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ዋና ዘንግ) በላይ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ይወርድና ካምሻፍቱ ያለ ዘይት ይቀራል፤ የክረምቱ እርጥበት ሲያገኘውም ይዝጋል። በዚያ ሁኔታ ሞተሩን ማዞር ዝገቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት አድርጎ ጤነኛውን ብረት መፋቅ ነው። ስለዚህ ከየሲሊንደሩ ካንዴላ ፈትተው በቀዳዳው ዘይት ያርከፍክፉ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይድፈኑና ሞተሩን ይተዉት። ላይካሚንግ ይህን ሞተር በ2,000 የበረራ ሰዓት፣ ያን ያህል ባይበር እንኳ በ12 ዓመት፣ ሙሉ በሙሉ እንዲታደስ ይመክራል። የእርስዎ ሞተር ከዚያ በላይ እንደቆየ ግልጽ ስለሆነ መፈታቱ አይቀርም። አሁን አድሰውት አካሉን ለመጠገን አምስት ዓመት ቢፈጅብዎ ግን አዲሱ ሞተር እንደገና ቆሞ ይዝጋል። የመኪና መካኒክ እጁ መጀመሪያ ወደ ሞተር እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ሞተሩ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

የሚጀመረው ከብረቱ ነው፤ «ደህና ይመስላል» ያሉት ቃል ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። የሱፐር ከብ አካል ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በብየዳ የተሠራ ስለሆነ ቱቦው ከውጭ ቀለም ለብሶ እያማረ ከውስጥ ሊበላ ይችላል። ገና ልጅ እግር ረዳት ሳለሁ፣ እሠራበት በነበረው ጋራዥ ቢጫ ቀለሟ ያልደበዘዘ አንዲት ተመሳሳይ አውሮፕላን ነበረች። አለቃዬ ወስፌ ሰጥቶኝ ከጭራዋ አጠገብ ያለውን የታችኛውን ቱቦ እንድወጋው አዘዘኝ። ወስፌው ልክ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ጥልቅ አለ፤ ስስበውም ቡና የመሰለ ውሃ በክርኔ ላይ ወረደ። ቀለሙ አንድም ቦታ አልተነሣም ነበር። እነዚህ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሲቆሙ በጭራቸው ስለሚቀመጡ ወደ አካላቸው የገባ ውሃ ሁሉ የሚጠራቀመው በዚያ ዝቅተኛ ስፍራ ነው። እርስዎም ምርመራዎን ከጭራዋ ጀምረው ወደ ፊት ይሂዱ፤ እያንዳንዱን ቱቦ በተለይም የብየዳውን መጋጠሚያ በሹል መሣሪያ እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ግን ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ይጎደጉዳልም።

ክንፎቹን ደግፈው ከአካሏ ጋር የሚያያይዙት ዘንጎችም እንዲሁ ከውስጥ የመዛግ ታሪክ አላቸው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የፓይፐር አውሮፕላኖች ዘንጎች በየ24 ወሩ እንዲመረመሩ፣ ወይም እርጥበት በማያስገቡ ድፍን ዘንጎች እንዲተኩ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። በበረራ ላይ አንድ ዘንግ ከተበጠሰ ክንፉ ሊገነጠል ይችላልና፣ በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም። ከጭዱ የተነሣ ደግሞ አይጥ መኖሩ አይቀርም። የአይጥ ሽንት የክንፉን አሉሚንየም አጥንቶች ስለሚበላ ጎጆዎቹን ሁሉ አውጥተው፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያዩበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት።

ስለ አቡጀዲው፣ እንድትታይ ብቻ የሚያድሷት ከሆነ ምንም አልልም። የምትበር ከሆነ ግን አይሆንም። ጨርቁ የአካሏ ጌጥ ሳይሆን አየሩን የሚሸከመው የክንፉ ገጽ ራሱ ነው። ድሮ ለአውሮፕላን የሚሠራው የጥጥ ጨርቅ አዲስ ሳለ በአንድ ኢንች ስፋት 80 ፓውንድ ጭነት መቻሉ እየተፈተነ ነበር፤ ከገበያ የተገዛ አቡጀዲ ምን ያህል እንደሚችል የፈተነው የለም። ዛሬ የሚለበሰው ፖሊስተር ነው፤ በማጣበቂያ ከተያያዘ በኋላ ሙቀቱ በተለካ ካውያ እየተተኮሰ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል፤ ሙቀቱ ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም። ከዚያም ከአጥንቶቹ ጋር በክር ይሰፋል። ከቀለሙ በፊት የአሉሚንየም ዱቄት ያለበት ብርማ ቅብ የሚቀባው ለውበት ሳይሆን የፀሐይ ጨረር ክሩን እንዳያበሰብሰው ነው፤ እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ይህን ቅብ አያሳሱት።

ጨርቅ ከማልበስዎ በፊት ግን ወረቀቱ ይቅደም። የመለያ ቁጥሯን የያዘችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ፣ የአካሏንና የሞተሯን የጥገና መዝገቦች ከአጎትዎ ሣጥን ይፈልጉ። ከአሮጌው ቀለም ሥር በ«ኢቲ» የሚጀምሩ የምዝገባ ፊደላት ካዩ ሳይፍቁ ፎቶ ያንሡአቸው። ከዚያ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ቀርበው ምን እንደሚጠየቁ ይወቁ፤ ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያም ከወዲሁ ይፈልጉ። የአየር ብቁነት ማረጋገጫ ለመስጠት አጥንቷን ራቁቷን ማየት የሚያስፈልገው ሰው፣ ሁለት ዓመት የለፉበትን ጨርቅ እንዲቀድዱ ቢያዝዝዎ ሐዘኑ ከባድ ነው።

ድካሙ ከንቱ ይሆናል ወይ ላሉት፣ እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ለአሥርታት በሙዚየም ከቆየች በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ተረክባታለች። ያስደሰተችን ስለምትበር አልነበረም። የእርስዎም አውሮፕላን ቱቦዎቿ ተበልተው ቢገኙ፣ በሥርዓት ታድሳ ለተማሪዎች ብትታይ ለብዙ ልጆች የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ትሆናለች። ብቻ የትኛውን እንደመረጡ ብረቱን ካዩ በኋላ ይወስኑና በዚያው ይጽኑ።

ጥያቄ፦ በሰበታ የምማር ተማሪ ነኝ። ትንንሽ አውሮፕላኖች በአዲስ አበባ ከፍታ ይደክማሉ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? በምን ያህል?

መልስ፦ እውነት ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። የቀኑ ሙቀት 23 ዲግሪ ሲሆን አየሩ የሚሳሳው በመደበኛው ስሌት ወደ 3,100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው። አየር በግፊት የማይጨመርለት ሞተር በዚያ ሁኔታ ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህል ያጣል፤ ከላይ የተጠቀሰው ባለ 150 ሞተር ወደ 105 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ለመነሣት መሬት ላይ የሚሮጥበት ፍጥነት በባሕር ወለል ከሚያስፈልገው 17 በመቶ ያህል መብለጥ አለበት። የደከመው ሞተር ወደ ከፍተኛው ፍጥነት የሚያደርሰው ቀስ ብሎ ስለሆነም የመንደርደሪያው ርዝመት የሚጨምረው ከዚህ 17 በመቶ በብዙ በሚበልጥ መጠን ነው። አብራሪው ማድረግ የሚችለው ጭነቱን መቀነስ፣ ማለዳ አየሩ ሳይሞቅ መነሣት፣ እንዲሁም ለባሕር ወለል የተስተካከለው ካርቡሬተር ነዳጅ እንዳያበዛ ከመነሣቱ በፊት የነዳጅና የአየር ድብልቁን አምራቹ በሚያዝዘው መሠረት ማሳሳት ነው።