ሰባ መንደር፣ አንድ ቢሮ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጀርመን ገጠር የመጡ ናቸው። ፍራንክፈርት ወይም ኮሎኝ ለሚኖር ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ለሁሉም ጉዳይ ራትሃውስ (የከተማው አስተዳደር ቢሮ) ነው። ራይንላንድ-ፋልዝ ወደሚባለው ክፍለ ሀገር ገጠር ሲገባ ግን መንደሩ ሌላ፣ ቢሮው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

«አይፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር ቤት አገኘሁ። አድራሻዬን ላስመዘግብ ብል መንደሩ ውስጥ ቢሮ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቴ ግን "ከንቲባ አለን" ይለኛል። የት ልሂድ?»

ወንድሜ፣ ጎረቤትህ አልዋሸህም። መንደርህ በሕግ ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ናት። ምክር ቤት፣ ከንቲባና በጀት አላት። የሌላት የቢሮ ሠራተኛ ነው። የቢሮ ሥራውን ለብዙ መንደሮች በጋራ የሚሠራላቸው ፌርባንድስጌማይንደ የሚባለው አስተዳደር ነው። ለምሳሌ ቢትቡርገር ላንድ የሚባለው 70 ገደማ መንደሮችን ያገለግላል። በዊትሊኽ-ላንድ ሥር ደግሞ ዲርፌልድ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ዐሥር ገደማ ቢሆኑም እሷም ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ናት።

አንተ የምትሄደው ወደዚህ የጋራ ቢሮ ነው። ከገባህበት ቀን ጀምሮ ያለህ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ፓስፖርትህን ወይም መታወቂያህን ያዝ። አከራይህ የፈረመበትን የመግቢያ ማረጋገጫም አትርሳ። የኪራይ ውል ብቻ ይዘህ ብትሄድ ይመልሱሃል። አስቀድመህ ተርሚን (ቀጠሮ) ብትይዝ ደግሞ ጥሩ ነው፤ አውቶቡሱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ አንተው ታውቃለህ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ግን እዚያ አያልቅልህም። እሱ በክራይሱ፣ ማለትም ከጋራው ቢሮ በላይ ባለው የወረዳ አስተዳደር፣ ያለው የአውስላንደርበሁርደ (የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ) ሥራ ነው።

«ልጄ፣ የመንደራችንን ከንቲባ ሳየው ትራክተር እየነዳ ነው። ደግሞ ሌላ ከንቲባ አለ ይሉኛል። ለመብራትና ለመንገድ አቤት የምለው ለየትኛው ነው?»

እማማ፣ ሁለቱም እውነተኛ ከንቲባዎች ናቸው። የመንደሩ ከንቲባ በራይንላንድ-ፋልዝ የበጎ ፈቃድ ሹመት ነው። ትንሽ አበል እንጂ ደመወዝ የለውም። ለ5 ዓመት ይመረጣል። ኑሮውን የሚመራው በሌላ ሥራ ስለሆነ ትራክተር መንዳቱ አይግረምዎ። የጋራ አስተዳደሩ ከንቲባ ግን የሙሉ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ለ8 ዓመት ነው የሚመረጠው።

የመንደሩ የመንገድ መብራት፣ የውስጥ መንገድ፣ የመቃብር ቦታ፣ የሕፃናት መጫወቻና የመንደሩ አዳራሽ በአብዛኛው የመንደሩ ጉዳይ ነው። ለእነዚህ ትራክተር የሚነዳውን ሰው ያነጋግሩ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ የመጠጥ ውኃና የፍሳሽ ጉዳይ ደግሞ የጋራው አስተዳደር ነው። ከተምታታብዎትም ግድ የለም። ለመንደሩ ከንቲባ የነገሩት ነገር ዞሮ ዞሮ የጋራው ቢሮ መድረሱ አይቀርም፤ የምክር ቤቱን ውሳኔ የሚያስፈጽሙለት፣ ሒሳቡንም የሚይዙለት እዚያ ያሉት ሠራተኞች ናቸው።

እኔ እንደማየው የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ወሳኙ ሰው ቤቱ ሁለት ደጃፍ አልፎ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሰውየው ካልወደደዎት የሚሸሹበት የለም።

«የውሻ ግብር የምንከፍለው ለአንድ ቢሮ ነው። የጓደኛዬ መንደር ግን ከእኛ ያነሰ ይከፍላል። አጭበርብረውኝ ይሆን?»

አላጭበረበሩህም። ግብሩን የሚወስነው የየመንደሩ ምክር ቤት ነው፤ ቢሮው ሰብሳቢ ብቻ ነው። የቤትና የመሬት ግብር የሚሰላበት ማባዣ ቁጥርም እንደዚሁ ከመንደር መንደር ይለያያል።

«እኔና እጮኛዬ ሁለታችንም ኢትዮጵያውያን ነን። የጋብቻ ወረቀታችንን በዚሁ በገጠሩ ቢሮ መጨረስ እንችላለን? ወይስ ትልቅ ከተማ መሄድ አለብን?»

እንኳን ደስ ያላችሁ! የጋብቻ ምዝገባ ክፍሉ፣ ማለትም ሽታንደስአምት፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የጋራው ቢሮ ውስጥ ነው። ከተማ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ነገር ግን ቀን ቆርጣችሁ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን ሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም አይመታላቸውም። በምትኩ ጀርመን ያለው መሥሪያ ቤት ሰነዱ በአዲስ አበባው ኤምባሲ በኩል እንዲጣራ ይጠይቃል። ማጣሪያው ወራት ይፈጃል፣ ወጪውም የእናንተ ነው። ከዚያ ለማግባት የሚከለክላችሁ ነገር እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። ይህን ወረቀት አገሩ ለማይሰጠው ሰው የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከግዴታው ነፃ ሊያደርጉት ይችላሉ። ማመልከቻውን የሚያዘጋጀው ሽታንደስአምት ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። የገጠሩ ቢሮ ሠራተኛ የኢትዮጵያ ጉዳይ ገጥሟት ላያውቅ ይችላል። የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ፣ የልደት ቀናችንም በራሳችን አቆጣጠር ተጽፎ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን በረጋ መንፈስ አስረዷት። በየሰነዱ ያለው ስምና ቀን አንድ ዓይነት መሆኑን ራሳችሁ አመሳክሩ። አንዲት ፊደል ብትለያይ ፋይሉ ይመለሳል። ስደተኝነቱ የታወቀለት ሰው ግን ኤምባሲ ሄዶ ወረቀት እንዲጠይቅ ሊገደድ አይገባም።

«እነዚህን መንደሮች አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ትልቅ ማዘጋጃ ማድረግ አይቀልም ነበር?»

ጎረቤት ክፍለ ሀገር ይህንኑ አድርጓል። ኖርድራይን-ቬስትፋለን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማዘጋጃዎቹን አዋሕዶ ዛሬ 396 ብቻ ቀርተውታል። 18 ሚሊዮን ሰው አለው። ራይንላንድ-ፋልዝ 4 ሚሊዮን ሰው ይዞ ከ2,000 በላይ ማዘጋጃ አለው። በዚያው ዘመን መንደሮቹን በአብዛኛው እንዳሉ ትቶ ቢሮዎቹን አዋሐደ።

የቱ ይሻላል? ርካሹ ማዋሐድ ይመስላል። ሰው ግን የመንደሩን ስም፣ አዳራሹንና መቃብሩን ማን እንደሚያስተዳድር ያስባል። እኔም መንደሮቹን መተው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለትንሽ ነገር ሁሉ ሩቅ ቦታ ያለ ምክር ቤት ከመለመን ያድናል።

ችግሩ የሚጀምረው የጋራው ቢሮ ሥልጣን ቀስ በቀስ ሲያብጥ ነው። ሽሌስዊግ-ሆልስታይን ውስጥ የጋራው አስተዳደር አምት ይባላል። የሚመራው ኮሚቴ በሕዝብ በቀጥታ አይመረጥም፤ በዋናነት የየመንደሩ ከንቲባዎች ስብስብ ነው። መንደሮቹ ብዙ ሥራ ለአምቱ ሲያስተላልፉ በ2010 የክፍለ ሀገሩ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት «ይህን ያህል ሥልጣን የሚይዝ አካል በሕዝብ መመረጥ አለበት» የሚል ውሳኔ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሊተላለፍ የሚችለው ሥራ በሕግ ተገደበ። ራይንላንድ-ፋልዝ ውስጥ ግን የጋራው ምክር ቤትም ከንቲባውም በቀጥታ ይመረጣሉ። ባየርን ሌላ፣ ኒደርዛክሰን ሌላ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ስትዘዋወሩ የሰማችሁትን ይዛችሁ አትከራከሩ።

«እኔ እዚህ 6 ዓመት ኖሬያለሁ። ለመንደሩ ምክር ቤት መምረጥ እችላለሁ?»

በኢትዮጵያ ፓስፖርት አትችይም፣ እህቴ። የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ይችላሉ፣ ሌላው የውጭ ዜጋ ግን አይችልም። ሽሌስዊግ-ሆልስታይን ለጥቂት አገሮች ዜጎች ልፍቀድ ብሎ ነበር፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1990 ሻረው። መንገዱ ዜግነት ነው። ከ2024 ጀምሮ አጠቃላይ የመኖሪያ ጊዜው 5 ዓመት ስለሆነ ጊዜውን አሟልተሻል። ቋንቋና ገቢሽን አስተካክለሽ ክራይሱ ጋ አመልክቺ። የኢትዮጵያን ዜግነት ግን ይዘሽ አትቀጥዪም፤ የአገራችን ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም።

«መንደራችን የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አሉት። የውጭ ዜጋ ይቀበላሉ?»

አዎ፣ ዜግነት አይጠይቁም። ወጣት እያነሰባቸው ስለሆነ ጤነኛና ቋንቋ የምትሰማ ከሆንክ ደስ ይላቸዋል። ልብሱን፣ መኪናውንና ሥልጠናውን የሚያቀርበው የጋራው አስተዳደር ነው። በሥራ ሰዓት ሳይረኑ ቢጮህ አሠሪህ ሊለቅህ ይገባል፣ ደመወዝህም አይቆረጥም። ልምምድ ሲያደርጉ ጎራ በልና የመንደሩን ቡድን መሪ ጠይቀው።