ክላስተሩ «አክቲቭ» ሲል ኖዶቹ የማይቀላቀሉበት ምክንያት

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። የጭነት መመዝገቢያ ሥርዓታችንን ከአንድ አሮጌ ሰርቨር አውጥተን በአማዞን ኢኬኤስ (አፕሊኬሽኖችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስኬደው ኩበርኔትስ በአማዞን የሚቀርብበት አገልግሎት) ላይ ለማስኬድ ወስነናል። ኔትወርኩንና ክላስተሩን በአንድ የክላውድፎርሜሽን (በጽሑፍ የተዘረዘረውን በአማዞን ላይ የሚሠራ አገልግሎት) ቴምፕሌት፣ የኖድ ግሩፑን፣ ማለትም አፕሊኬሽኑ የሚሠራባቸውን ማሽኖች፣ ደግሞ በሌላ ቴምፕሌት ጻፍኩ። ክላስተሩ በሰላም ተሠርቶ «አክቲቭ» ይላል። የኖድ ግሩፑ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል «ክሬቲንግ» እንዳለ ይቆይና ኢንስታንሶቹ ክላስተሩን መቀላቀል እንዳልቻሉ ገልጾ ይጠፋል። ኖዶቹ ከኢንተርኔት በቀጥታ በማይደረስበት ፕራይቬት ሰብኔት ውስጥ ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚያወጣቸው ናት ጌትዌይም አለ። ለጥንቃቄ ብዬ የክላስተሩን ኢንድፖይንት (ትእዛዝ የሚቀበልበትን አድራሻ) ከቢሮአችን አይፒ አድራሻ በቀር ለማንም እንዳይከፈት ገድቤዋለሁ። የኢንስታንሱን ዓይነት ከቲ3 ስሞል ወደ ቲ3 ላርጅ ባሳድገውም ለውጥ አላየሁም። በዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከላፕቶፔ የምልከው የኩብሲቲኤል (ክላስተሩን የማዝበት መሣሪያ) ትእዛዝ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ትእዛዙ ለእኔ በሚሠራበት ሰዓት እንኳ ባልደረባዬ ከዚያው ቢሮ ሲሞክር «አንኦቶራይዝድ» ይለዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በሚገባ ዘርዝረው ስለጻፉ መልሱን ከራሱ ከደብዳቤዎ ማውጣት ይቻላል። ከጠቀሷቸው ሦስት ችግሮች ሁለቱ፣ ማለትም የኖዶቹ አለመቀላቀልና መብራት ሲመለስ የኩብሲቲኤል ዝም ማለት፣ የሚመነጩት በቴምፕሌቱ ውስጥ ለጥንቃቄ ካስገቡት አንድ መስመር ነው። የባልደረባዎ ችግር ግን ከኔትወርክ ጋር ግንኙነት የሌለው የፈቃድ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ «አክቲቭ» የሚለው ምልክት ምን እንደሚናገር እንለይ። የኢኬኤስ ኮንትሮል ፕሌን (ክላስተሩን የሚመራው ክፍል) የሚቀመጠው በእርስዎ ቪፒሲ (በአማዞን ላይ ባለዎት የግል ኔትወርክ) ውስጥ ሳይሆን አማዞን ራሱ በሚያስተዳድረው ቦታ ነው። ክላስተሩ «አክቲቭ» ሲል ኮንትሮል ፕሌኑ ተነሥቶ ጥያቄ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ብቻ ያመለክታል፤ አንድም ኖድ ባይኖር ይህንኑ ይላል። ኖዱ ክላስተሩን የሚቀላቀለው በውስጡ ያለው ኩብሌት የተባለ ፕሮግራም ወደ ኮንትሮል ፕሌኑ ኢንድፖይንት ራሱ ደውሎ፣ ማንነቱን አሳይቶ ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ከኖዱ ተነሥቶ እስከ ኢንድፖይንቱ ካለው መንገድ እንጂ ከኖዱ ጉልበት አይደለም። የጣርማበር መንገድ ተዘግቶ ደብረ ሲና ላይ የቆመ መኪና ሞተሩ በትልቅ ቢቀየርለትም ደብረ ብርሃን አይደርስም፤ ቲ3 ላርጅ መግዛትዎም ከዚህ የተለየ ውጤት ሊያመጣ አይችልም ነበር።

አሁን ወደዚያ መስመር እንምጣ። ክላስተር ሲሠራ በቴምፕሌቱ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በስተቀር የፐብሊክ ኢንድፖይንቱ ክፍት፣ የፕራይቬት ኢንድፖይንቱ ደግሞ ዝግ ሆኖ ይነሣል። እርስዎ «ፐብሊክ አክሰስ ሲድርስ» በሚለው ሥር የቢሮአችሁን አድራሻ በ/32፣ ማለትም አንድ አድራሻ ብቻ በሚፈቅድ መልክ፣ አስገብተዋል፤ ስለ ፕራይቬቱ ግን ምንም እንዳልጻፉ ከደብዳቤዎ እገምታለሁ። እንዲህ በሆነ ጊዜ በፕራይቬት ሰብኔት ውስጥ ያለው ኖድ ወደ ክላስተሩ ለመድረስ ያለው ብቸኛ መንገድ በናት ጌትዌዩ በኩል ወጥቶ በፐብሊኩ ኢንድፖይንት መግባት ነው። ሲወጣ ይዞት የሚሄደው የናት ጌትዌዩን ኢላስቲክ አይፒ (ቋሚ የውጭ አድራሻ) ነው፤ ይህ አድራሻ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ እንግዳ እንዳይገባ የከለከሉት ኢንድፖይንት የራስዎን ኖዶች ጨምሮ ከልክሏል። ክልከላው የስሕተት መልእክት ስለማይመልስና ግንኙነቱ ጊዜው እስኪያልፍ ዝም ብሎ ስለሚጠብቅ፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ኖዱ የዘገየ እንጂ የታገደ አይመስልም።

ማስተካከያው አጭር ነው። በክላስተሩ ቴምፕሌት «ሪሶርስስ ቪፒሲ ኮንፊግ» በሚለው ሥር «ኢንድፖይንት ፕራይቬት አክሰስ» የሚለውን ጨምረው ዋጋውን «ትሩ» ያድርጉት፤ የፐብሊኩንም ለጊዜው ክፍት እንደሆነ ይተዉት። ፕራይቬቱ ሲከፈት ከቪፒሲው ውስጥ የሚነሣ ጥያቄ የክላስተሩን ስም ወደ ውስጥ አድራሻ ተርጉሞ እዚያው ይደርሳል፤ በናት በኩል መዞርም በፐብሊኩ ዝርዝር ውስጥ መገኘትም አያስፈልገውም። ይህ የስም አተረጓጎም እንዲሠራ ግን በቪፒሲው ላይ «ኢነብል ዲኤንኤስ ሰፖርት» እና «ኢነብል ዲኤንኤስ ሆስትኔምስ» የሚባሉት ሁለቱም «ትሩ» መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ሳይጻፍም ክፍት ነው። ሁለተኛው ግን ራስዎ በቴምፕሌት በሚሠሩት ቪፒሲ ላይ ካልጻፉት ዝግ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ፕራይቬቱን ከፍቶ «አሁንም አልሠራም» የሚለውም ብዙውን ጊዜ ይህን ረስቶ ነው።

የናት ጌትዌዩን ኢላስቲክ አይፒ ከቢሮአችሁ አድራሻ ጎን ማስገባትም ኖዶቹን ያስገባል፤ አማራጭ ነው። እኔ ግን አልመክረውም። በየአቬይላቢሊቲ ዞኑ የተለያየ ናት ካለ ሁሉንም መመዝገብ ይኖርብዎታል፤ ከናቶቹ አንዱ ፈርሶ በአዲስ ኢላስቲክ አይፒ ሲሠራ ደግሞ አድራሻው ይለወጥና ችግሩ ማንም በማያስታውሰው ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ለውጡን ከማስኬድዎ በፊት በቀጥታ «አፕዴት» አይበሉ፤ ቼንጅ ሴት (ምን እንደሚለወጥ አስቀድሞ የሚያሳይ ዝርዝር) ሠርተው ያንብቡት። በክላስተሩ ረድፍ ላይ «ሪፕሌስመንት» የሚለው ዓምድ «ፎልስ» ማለት አለበት። «ትሩ» ካለ ክላውድፎርሜሽን አዲስ ክላስተር ሠርቶ አሮጌውን ሊያጠፋ ማሰቡ ስለሆነ እዚያው ያቁሙ። ይህ የሚከሰተው የኢንድፖይንት አማራጭ ሲቀየር አይደለም፤ የክላስተሩ ስም ወይም ሮል (ፈቃዶች የተሰጡት የአማዞን ማንነት) ሳይታሰብ ሲነካ ነው፤ በተለይ ቴምፕሌቱን ከሌላ ቦታ ቀድቶ የሚያስተካክል ሰው ስሙን ሳያስተውል ሊለውጠው ይችላል። በነገራችን ላይ ኔትወርኩንና ክላስተሩን ከኖድ ግሩፑ ለይተው መጻፍዎ በጣም ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ አሁን ክላስተሩ ሳይፈርስ የኖድ ግሩፑን ብቻ ደጋግመው መሞከር የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋም አይደንግጡ፤ ስታኩ፣ ማለትም ከቴምፕሌቱ የሚሠራው ሁሉ፣ አንዴ ከተላከ በኋላ የሚሠራው በአማዞን በኩል ነውና የላፕቶፕዎ መዘጋት አያቋርጠውም። ቴራፎርም የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ቢጠቀሙ ኖሮ ሥራው የሚካሄደው ከራስዎ ማሽን ስለሆነ የመብራቱ ነገር ያሳስበን ነበር።

ግምቴን አምነው ከመቀበል ይልቅ በዐይንዎ ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ እኔም ይህን ነው የምመርጠው፣ ያ «ክሬቲንግ» የሚለው ግማሽ ሰዓት የምርመራ ጊዜዎ ነው። ኢንስታንሶቹ በዚያን ሰዓት ተነሥተው ሕያው ናቸው። በኖዱ ሮል ላይ «አማዞን ኤስኤስኤም ማኔጅድ ኢንስታንስ ኮር» የተባለውን ፖሊሲ አስቀድመው ካከሉ፣ ቁልፍም ሆነ የተከፈተ ፖርት ሳያስፈልግ በሴሽን ማኔጀር ወደ አንዱ ኖድ ገብተው የኩብሌቱን ሎግ በጆርናልሲቲኤል ማንበብ ይችላሉ። ሎጉ ግንኙነቱ «ታይም አውት» እንዳደረገ ከተናገረ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፤ በእርስዎ ዘንድ የምጠብቀው ይህን ነው። የክላስተሩ ስም ሊፈታ አልቻለም ካለ ወደ ዲኤንኤስ ሁለቱ አማራጮች ይመለሱ። «አንኦቶራይዝድ» ካለ ደግሞ መንገዱ ሰላም ሆኖ ክላስተሩ የኖዱን ሮል አላወቀውም ማለት ነው፤ ሮሉ በክላስተሩ «ኤደብሊውኤስ ኦት» ኮንፊግ ማፕ ወይም በአክሰስ ኢንትሪ መመዝገቡን፣ በዚያውም በሮሉ ላይ «አማዞን ኢኬኤስ ወርከር ኖድ ፖሊሲ» እና ኢሜጅ ከሬጂስትሪ ለማውረድ የሚፈቅደው ፖሊሲ መኖራቸውን ይመልከቱ። በሴሽን ማኔጀር ጭራሽ መግባት ካልቻሉ፣ ፖሊሲውም መጨመሩን እርግጠኛ ከሆኑ፣ ኖዱ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ የለውም ማለት ነውና የሰብኔቱ ራውት ቴብል በእርግጥ ወደ ናት ጌትዌዩ የሚያመለክት መሆኑን፣ ናቱም በፐብሊክ ሰብኔት ውስጥ መቀመጡን ይፈትሹ።

ግማሽ ሰዓቱ ካልበቃዎት የኖድ ግሩፑን ስታክ ሲልኩ ሲወድቅ ወደ ኋላ እንዳይመለስና በተሳካ ሁኔታ የተሠራው እንዲቆይ የሚያዘውን አማራጭ ይምረጡ። በነባሪው አሠራር ክላውድፎርሜሽን የወደቀውን ሲያጠፋ ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋል። ይህን አማራጭ ሲመርጡ ግን የቆመው ሁሉ ሒሳብ እንደሚቆጥር አይዘንጉ። ክላስተሩ ብቻውን በሰዓት 0.10 ዶላር፣ በ30 ቀን 72 ዶላር ያስከፍላል፤ የኩበርኔትሱ ቨርዥን መደበኛ የ14 ወር ድጋፉ አልፎበት ወደ ተራዘመው ድጋፍ ከገባ ደግሞ በሰዓት 0.60 ዶላር ይሆናል። ናት ጌትዌዩና ኢንስታንሶቹ ለየብቻቸው ይከፈልባቸዋል። በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል ድርጅት ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ በቴምፕሌትዎ ላይ የተጻፈውን ቨርዥን ዛሬውኑ ቢያዩት መልካም ነው።

ቲ3 ላርጁን በተመለከተ፣ ኖዶቹ ከተቀላቀሉ በኋላ ወደ ቲ3 ሚዲየም ዝቅ ማለት ይችላሉ፤ ወደ ስሞል ግን አይመለሱ። በኢኬኤስ የተለመደው የኔትወርክ አሠራር እያንዳንዱ ፖድ (በኖዱ ላይ የሚሠራ የአፕሊኬሽን ክፍል) ከሰብኔቱ የራሱን አይፒ ስለሚወስድ፣ በአንድ ኖድ ላይ የሚያርፉት ፖዶች ብዛት የሚወሰነው በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን ኢንስታንሱ ሊይዝ በሚችለው የአይፒ ቁጥር ጭምር ነው። በነባሪው አሠራር ቲ3 ስሞል 11፣ ቲ3 ሚዲየም 17፣ ቲ3 ላርጅ 35 ፖዶችን ይይዛሉ። ከእነዚህ ላይ የሥርዓቱ የራሱ ፖዶች ድርሻቸውን ሲወስዱ በስሞሉ ላይ ለመመዝገቢያ ሥርዓታችሁ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

መብራት ሲመለስ ኩብሲቲኤል ዝም የሚለው ራውተሩ እንደገና ሲነሣ ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚያገኘው አድራሻ ስለሚለወጥ መሆን አለበት። ትናንት የፈቀዱት /32 ዛሬ የሌላ ሰው ነው። ይህንን ፕራይቬቱን መክፈት አይፈታውም፤ ላፕቶፕዎ ከቪፒሲው ውጭ ነውና። የሚሻለው ከአቅራቢው ቋሚ አይፒ መግዛት ነው። ይህ ካልተቻለ በእኔ አስተያየት ለእንደ እናንተ ላለ አነስተኛ ቡድን ዝርዝሩን በየጊዜው ከማሳደድ ይልቅ ፐብሊኩን ያለ አይፒ ገደብ መተውና ጥንቃቄውን በአይኤኤም (የአማዞን የማንነትና የፈቃድ ሥርዓት) ማንነቶች ላይ ማዋል ይበልጣል፤ ኢንድፖይንቱ ቢታይም ማንነቱን ያላረጋገጠ ሰው በክላስተሩ ውስጥ ሥራ መሥራት አይችልምና። የደንበኞቻችሁ ውል ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ፐብሊኩን ፈጽሞ ዘግታችሁ በቪፒሲው ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኢንስታንስ በኩል በሴሽን ማኔጀር ግቡ፤ ሥራው ከበድ ይላል እንጂ ይቻላል።

የባልደረባዎ ጉዳይ ይቀራል። ከዚያው ቢሮ፣ በዚያው አድራሻ እየሞከረ «አንኦቶራይዝድ» የሚል መልስ ማግኘቱ ጥያቄው ክላስተሩ ዘንድ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ታግዶ ቢሆን ኖሮ እንደ እርስዎ ዝምታ ነበር የሚገጥመው። ኢኬኤስ ክላስተሩን ለፈጠረው ማንነት ብቻ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይሰጣል፤ ሌላው ሰው በአማዞን አካውንቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ቢኖረውም በክላስተሩ ውስጥ የሚታወቅ ስም የለውም። ስለዚህ «አክሰስ ኮንፊግ» ሥር «ኦተንቲኬሽን ሞድ» የሚለውን «ኤፒአይ ኤንድ ኮንፊግ ማፕ» ያድርጉና ለባልደረባዎ «ኢኬኤስ አክሰስ ኢንትሪ» የሚባል ሪሶርስ ይጻፉለት። ሥራው አንድን አፕሊኬሽን መጫንና ማደስ ብቻ ከሆነ ከአስተዳዳሪነቱ ይልቅ «አማዞን ኢኬኤስ ኤዲት ፖሊሲ»ን በአንድ ኔምስፔስ (የክላስተሩ ክፍል) ወስነው መስጠት ይበቃል። ባልደረባዎ የሚገባው በሮል ከሆነ፣ «ጌት ኮለር አይደንቲቲ» የሚያሳየውን «አሱምድ ሮል» የሚል ጊዜያዊ ማንነት ሳይሆን የሮሉን የራሱን ኤአርኤን (ሙሉ መለያ) ያስገቡ፤ አለዚያ ኢንትሪው ባልደረባዎን አያስገባውም። እግረ መንገድዎን ለድርጅቱ ሁለተኛ የአስተዳዳሪ ሮል በዚሁ መልክ ይመዝግቡ፤ ዛሬ ክላስተሩን የሚያስተዳድረው የእርስዎ ማንነት ብቻ ነው።

እነዚህን ካደረጉ በኋላ የኖድ ግሩፑን ስታክ ዳግመኛ ይላኩ። ኖዶቹ ተመዝግበው «ኖት ሬዲ» በሚለው ላይ ከቆዩ ጉዳዩ ከኢንድፖይንቱ አልፎ የፖድ ኔትወርኩ ዘንድ ደርሷል ማለት ነውና «አማዞን ኢኬኤስ ሲኤንአይ ፖሊሲ» በኖዱ ሮል ላይ መኖሩን አይተው፣ ካለም በኩብ ሲስተም ኔምስፔስ ውስጥ ያለውን የኤደብሊውኤስ ኖድ ፖድ ሎግ ከነቴምፕሌቱ ይላኩልኝ።