አድራሻዬን «ቦሌ» ልበለው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በ2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእናቴ ጋር ነው። ሰፈራችን ያለ ኮፒ ቤት በእንግሊዝኛ ሲቪ አሠርቼ ከሠላሳ በላይ ቦታ አስገባሁ፤ የጠሩኝ ሁለት ብቻ ናቸው። ጓደኞቼ «ቱሉ ዲምቱ ስላልክ ነው፣ ያረፍዳል ብለው ይፈሩሃል፤ የአክስትህን የቦሌ አድራሻ ጻፍ» ይሉኛል። ልጻፍ? እስካሁን የሠራሁት ከኅዳር 2016 ጀምሮ ገላን አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው፤ የሚገባና የሚወጣ ሲሚንቶና አሸዋ እየመዘገብኩ ደረሰኝ እቆርጥ፣ ማታም ገንዘቡን ከደረሰኙ ጋር አመሳክሬ አስረክብ ነበር። ሙያዬ ስላልሆነ ግን አላስገባሁትም። ሲቪዬን አያይዤልዎታለሁ።
ደ. ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ልጄ፣ አክስትህን እዚያው ቦሌ ተዋት። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ፤ በሰፈሩ ምክንያት ማመልከቻ የጣልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሲቪህ ቦሌ እያለ መታወቂያህ አቃቂ ቃሊቲ ቢለኝ ግን እጄ ቆም ይላል፤ «ይሄ ልጅ ሌላስ ምን አሳምሯል?» እላለሁ። ደግሞ ለቃሊቲ፣ ለገላንና ለቂሊንጦ ፋብሪካዎች ከአንተ የሚቀርብ ማን አለ?

አሁን ወደ ሲቪህ። አራት ገጽ! ሃይማኖትህን፣ የጋብቻ ሁኔታህን፣ ጤናህ «በጣም ጥሩ» መሆኑን ነግረኸኛል። ከዚያ «ዓላማዬ» የሚለው አንቀጽ መጣ፤ መጨረሻው ላይ «በነርስነት ሙያዬ» ይላል። አንብበኸዋል? ኮፒ ቤቱ አንድ ቅጽ ይዞ ስም ብቻ እየቀየረ ነው የሚያትመው። እኛ ዘንድ በአንድ ማስታወቂያ ሰባት ልጆች «ትርፍ ጊዜዬን በዋና አሳልፋለሁ» ብለው አምጥተው ሥራ አስኪያጃችን «ቃሊቲ የመዋኛ ገንዳ ተከፈተ እንዴ?» ብለውኝ ያውቃሉ። ዓላማውንም ዋናውንም አውጣ። ሁለት ገጽ ይበቃሃል፤ እንዲያውም ይተርፍሃል።

ያናደደኝ ግን የጻፍከው ሳይሆን የተውከው ነው። ገቢና ወጪ ሲሚንቶ መመዝገብ፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ማታ ጥሬ ገንዘቡን ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር ሒሳብ ካልሆነ ሒሳብ ምንድን ነው? እኔ አዲስ ሒሳብ ሠራተኛ ስቀጥር የምፈራው ደረሰኝ በእጁ ነክቶ የማያውቀውን ነበር። እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦ «ከኅዳር 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ገላን። የሲሚንቶና የአሸዋ ገቢና ወጪ መዝግቤያለሁ፤ የሽያጭ ደረሰኝ ቆርጬያለሁ፤ የዕለት ገንዘብ አስረክቤያለሁ።» በቀን ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ታስረክብ እንደነበር ካስታወስክ ቁጥሩን ጨምርበት። ያልሠራኸውን ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምር፤ ፈተና ላይ «ቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ፣ እንዴት ትይዝ ነበር?» ብዬ የምጠይቅህ እኔ ነኝ።

ለዚህም ወረቀት ያስፈልግሃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ሥራ ስትለቅ ወይም በጠየቅክ ጊዜ አሠሪው የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን የሚገልጽ ደብዳቤ ያለ ክፍያ እንዲሰጥህ ያዛል። ስለዚህ ሂድና ጠይቅ፣ አትፈር። ብዙ ማስታወቂያዎች የሥራ ግብር መከፈሉ እንዲገለጽ ይፈልጋሉና ተቆርጦልህ ከነበረ እሱንም አስጽፈው። ካልተቆረጠ አንዳንድ ቦታ ልምዱን ላይቆጥሩልህ ይችላሉ፤ ቢሆንም ሥራው ሲቪው ላይ ይቀመጥ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር እንዳልረሳ። እንግሊዝኛው ሲቪህ ተመረቅሁ የሚለው «2015» ብሎ ብቻ ነው። ለውጭ ዜጋ ሥራ አስኪያጅ ይህ ማለት ከተመረቅክ ስምንት ዓመት ተጨማሪ አልፏል ማለት ነው፤ «ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበር?» ይላል። አንተ የተመረቅከው በፈረንጆቹ በ2023 ነው። ስትቀይር ደግሞ በጅምላ ስምንት አትደምር፤ ከመስከረም ጀምሮ የእነሱ አዲስ ዓመት እስኪገባ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም፣ ልዩነቱ ሰባት ነው። ኅዳር 2016 የእነሱ ኖቬምበር 2023 ነው፤ 2024 ብለህ ከጻፍክ ከልምድ ደብዳቤህ ጋር አንድ ዓመት ይጋጫል።

ስምህም በዲግሪው አንድ ዓይነት፣ በሲቪው ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። የዲግሪውን ተከተል። የፋይሉንም ስም «ሲቪ ፋይናል አዲስ 3» ከምትለው በራስህ ስም አስቀምጠው። ከስልክህ ሥር የእናትህን ስልክ ጨምር፤ መብራት በሄደ ቀን አንዱ ባትሪ ቢያልቅ በሌላው ያገኙሃል።

አስተካክለህ መልሰህ ላክልኝ፣ አየዋለሁ። ኮፒ ቤቱንም ስታገኘው፣ ነርሷ ልጅ ከመጣች አንቀጿ አንተ ዘንድ እንዳለ ይንገራት።