የጥንቷ እንግሊዝ በልብ ወለድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ ካነሣነው ሐሳብ በኋላ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ዘመን ያዘነበሉ ሆነው አገኘናቸው፤ ይኸውም ሮማውያን ብሪታንያን ከለቀቁበት ከ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ኖርማኖች በ1066 እስከ ወረሯት ድረስ ያለው የእንግሊዝ ዘመን ነው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጠን መልሰናል። ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ። በደቡብ እንግሊዝ ስለነገሠው የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድና ከባሕር ማዶ ስለመጡት ወራሪዎች፣ ስለ ዴኖች፣ የተጻፉ ልብ ወለዶችን በእንግሊዝኛ አነባለሁ። ስጨርሳቸው ግን የትኛው በእርግጥ የተፈጸመ፣ የትኛው ደራሲው የፈጠረው እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። መለያ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ መንገዱም የሚጀምረው ምንጮቹን ከማወቅ ነው። የዚያ ዘመን የጽሑፍ ምስክር ጥቂት በመሆኑ አንድ ትጉህ አንባቢ ዋና ዋናዎቹን በአንድ ክረምት አንብቦ ሊጨርሳቸው ይችላል። ቢድ የተባለው መነኩሴ በሰሜን እንግሊዝ በጃሮ ገዳም ሆኖ የእንግሊዝን ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በ731 ጽፎ ፈጸመ። ክንውኖችን ዓመት በዓመት የሚመዘግበው የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል በአልፍሬድ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ተጠናቀረ። አሰር የተባለው የዌልስ ሰው ደግሞ የንጉሡን የሕይወት ታሪክ፣ ንጉሡ ገና በሕይወት እያለ፣ በ893 ጻፈ። የቅጂ መብት ጊዜያቸው ያለፈ የእንግሊዝኛ ትርጉሞቻቸው በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ።

የ878ን ዓመት ለምሳሌ እንውሰድ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ጥምቀት እንዳለፈ የዴኖች ሠራዊት ቺፐንሃም ወደተባለው የንጉሥ መቀመጫ በድንገት ገብቶ ሰፈረ፤ አልፍሬድ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በጫካና በረግረግ ውስጥ ተሸሸገ፤ በፋሲካ አቴልኒ በተባለ ቦታ ምሽግ ሠራ፤ ከፋሲካ በኋላ በሰባተኛው ሳምንት ጦሩን ሰብስቦ ወጣና ኤዲንግተን ላይ ድል አደረገ። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ባሉት ሳምንታት ንጉሡ ከማን ቤት እንዳደረ፣ ማን እንደከዳውና ማን እንዳበላው፣ ሌሊት ሌሊት ምን ያስብ እንደነበር ግን አይነግረንም። ልብ ወለድ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ መግባቱም ተገቢ ነው። ንጉሡ በአንድ እረኛ ቤት ተሸሽጎ ሳለ ምድጃ ላይ ያለውን ዳቦ እንዲጠብቅ ታዝዞ፣ በሐሳብ ተውጦ እንዳሳረረውና የቤቱ እመቤት እንደተቆጣችው የሚተረከው ታዋቂ ታሪክም የገባው በዚሁ ክፍተት ነው። ይህ ታሪክ መጀመሪያ ተጽፎ የተገኘው ከንጉሡ ሞት በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአንድ ቅዱስ ገድል ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድን ትዕይንት ሲያነቡ “ይህን ማን አይቶ ሊጽፈው ቻለ?” ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ደራሲው እየፈጠረ ነው ማለት ነው፤ ጠንቃቃ ደራሲም በመጽሐፉ መጨረሻ በሚያኖረው ማስታወሻ ይህንኑ ይገልጻል።

ቀንድ ያለው የራስ ቁር ያደረገ የዴን ተዋጊ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይ የተገነባ ታላቅ የጦር ግንብ ወይም በገበታ ላይ የቀረበ ድንች ካዩ ደራሲው አልደከመበትም ማለት ነው። ከእነዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ለዓይን የማይታየው ስሕተት ነው። በ865 ታላቁ የዴኖች ሠራዊት ሲመጣ “እንግሊዝ” የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም፤ ኖርዘምብሪያ፣ ሜርሲያ፣ ምሥራቅ አንግሊያና ዌሴክስ የየራሳቸው ንጉሥ ነበራቸው። እነዚህ በአንድ ንጉሥ ሥር የዋሉት በ927፣ በአልፍሬድ የልጅ ልጅ በአቴልስታን ዘመን ነው። በ870 የሚኖር የሜርሲያ ገበሬ “ለእንግሊዝ ልሙት” ሲል ካነበቡ፣ ያለ ዘመኑ የገባው በገበታው ላይ ያለ ድንች ሳይሆን በደረቱ ውስጥ ያለ የኋላ ዘመን ልብ ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በዚህ ዘመን ልብ ወለዶች ውስጥ የሁሉም ሰው ስም “ኤቴል” በሚል ይጀምራል። ሃምሳ ገጽ ሳልደርስ ማን ማን እንደሆነ ይምታታብኛል።

መልስ፦ የአልፍሬድ አባት ኤቴልወልፍ ነው፤ ከአልፍሬድ በፊት የነገሡት ሦስት ወንድሞቹም ኤቴልባልድ፣ ኤቴልበርትና ኤቴልሬድ ናቸው፤ ቢምታታብዎ አያስገርምም። “ኤቴል” ማለት ክቡር፣ የከበረ ዘር ማለት ሲሆን ስሞቹ ከሁለት ቃላት የተጋጠሙ ናቸው። እኛ ገብረ ሥላሴን ከገብረ መድኅን የምንለየው በሁለተኛው ቃል እንደሆነ ሁሉ፣ እርስዎም ዓይንዎን በሁለተኛው ግማሽ ላይ ያሳርፉ። ለጸሐፊዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ የታሪክ ሰዎችን ስም መለወጥ ባይቻልም የፈጠራችኋቸውን ሰዎች በሌላ ፊደል አስጀምሯቸው።

ጥያቄ፦ ያነበብኩት ልብ ወለድ የዴኖቹ ንጉሥ ጉትሩም ከተሸነፈ በኋላ በፍጹም ልቡ አምኖ እንደተጠመቀ ይተርካል። ሌላው ደግሞ በውስጡ እየሣቀ እንደተጠመቀ ይላል። የትኛው እውነት ነው? (ከቦሩ ሜዳ አካባቢ)

መልስ፦ ደብዳቤዎ የመጣበትን ቦታ ሳይ ልቤ ተነካ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

የምናውቀው ይህን ነው። ከኤዲንግተን ድል ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉትሩም ከሠራዊቱ ከተመረጡ ሠላሳ ሰዎች ጋር ወደ አልፍሬድ መጣ፤ አልፍሬድ ክርስትና አነሣው፤ አሥራ ሁለት ሌሊትም ከንጉሡ ዘንድ ቆይቶ ብዙ ስጦታ ተሰጠው። ከዚያም በምሥራቅ አንግሊያ ነገሠ፤ በ890 እስኪሞት ድረስ ባሳተመው ገንዘብ ላይ ያስቀረጸውም አቴልስታን የሚለውን የክርስትና ስሙን ነው። ይህን ሁሉ የጻፉልን አሸናፊዎቹ ናቸው። ጉትሩም ራሱ የተናገረው አንድ ቃል ስላልደረሰን ከውኃው ሲወጣ በልቡ የነበረውን የሚነግረን ምንጭ የለም፤ ሁለቱም ደራሲዎች የፈጠሩት ነው።

ይህ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር በ870 ዓ.ም. ሆነ። ልክ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባደረጉበት ጊዜ የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆኑላቸው፤ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ለመሆን በቁ። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ናቸው አልልም። ጉትሩም ከባሕር ማዶ የመጣ ወራሪ ሲሆን መሐመድ ዓሊ የአገሩ ልጅ ነበሩ፤ የተለወጠውም ሃይማኖት ሌላ ነው። ነገር ግን የወሎ ሰው ሥልጣን፣ እርቅና ጥምቀት በአንድ ቀን ሲገናኙ ነገሩ ምን ያህል ውስብስብ እንደሚሆን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቶቹ ያውቃል። ያንኑ ዘመን አንዱ ቤት እንደ ክብር ሲተርከው፣ ሌላው ቤት እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉትን እምቢ ያሉ ሰዎች እያነሣ በኀዘን ያስታውሰዋል። ይህን የሰማ አንባቢ የጉትሩምን ልብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶ በሚያልፍ ልብ ወለድ አይረካም፤ መርካትም የለበትም። እኔ ብጽፈው ትዕይንቱን ከሠላሳዎቹ በአንዱ ዓይን አሳየው ነበር፤ ንጉሡ ሲጠመቅ እያየ ተራው እስኪደርስ በሚጠብቅ ሰው ዓይን።

ጥያቄ፦ በአልፍሬድ ዘመን የተመሠረተ ልብ ወለድ በአማርኛ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ “አንተ” ይባባሉ ወይስ “አንቱ”? ማዕረጎቹንስ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያልኩ ልተርጉማቸው? እግሬ ያልረገጠውን አገር መጻፌስ ድፍረት አይሆንም? (ተማሪ፣ ደሴ)

መልስ፦ ከሁሉ ደብዳቤ ይህኛውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ቋንቋ የአክብሮት “አንቱ” አልነበረም፤ አንድ ሰው የሚናገረው ለንጉሥም ይሁን ለባሪያ ቃሉ ያው አንድ ነበር። ስለዚህ አሽከሩ ንጉሡን “አንተ” ቢለው ለምንጩ ታማኝ ሆነሃል። የአማርኛ አንባቢህ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ አሽከሩ የሸፈተ ወይም ንጉሡን የናቀ ይመስለዋል፤ አንተም ያላሰብከውን ሐሰት ነግረኸዋል። በመሆኑም በየዕለቱ ንግግር ልማዳችንን ተከተል፤ ታናሽ ለታላቁ፣ ሹም ለንጉሡ “አንቱ” ይበል። በመሐላና በጸሎት ጊዜ ግን “አንተ”ን አስገባ፤ እኛም እግዚአብሔርን “አንተ” እንላለንና ጆሯችን በዚያ ቦታ ቃሉን በክብር ይቀበለዋል።

ማዕረጉን በተመለከተ ደጃዝማችና ፊታውራሪ አትበል። እነዚህ ቃላት የራሳቸውን ድንኳን፣ የራሳቸውን የሰልፍ ሥርዓት ይዘው ይመጣሉ፤ አንባቢህ ሳያስበው ዓድዋ ላይ ይገኛል። አንዱን አውራጃ በንጉሡ ስም የሚገዛውን ታላቅ ሰው “የአገር ገዢ” ብትለው ይበቃል። “ቴን” የተባለው መኳንንት ግን ደስ የሚል ነገር አለው፤ ቃሉ በመጀመሪያ አገልጋይ ማለት ነበር፤ ንጉሥን ማገልገል ክብር እየሆነ ሲሄድ ቃሉም አብሮ ከፍ አለ። በእኛም ቤት ብላቴና ትንሽ ልጅ ሆኖ ሳለ ብላቴን ጌታ ታላቅ ማዕረግ ነው። ቃሉን እንዳለ ወስደህ ይህን መንገዱን በአንድ ትዕይንት ብታሳይ አንባቢህ ወዲያው ይይዘዋል።

እንዲያውም አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ የሚመችባቸው ቦታዎች አሉ። በጥንቱ ቋንቋ “ጌታ” የሚለው ቃል ሲፈታ የዳቦ ጠባቂ፣ “እመቤት” የሚለው ደግሞ ዳቦ የምታቦካ ማለት ነበር፤ በጌታው ቤት የሚኖረው አገልጋይም ዳቦ በሊታ ይባል ነበር። የዛሬ እንግሊዛዊ ይህ ስሜት ጠፍቶበታል፤ ሥራውንና ኑሮውን እንጀራዬ የሚል ሰው ግን ጌታውን መክዳት ምን ማለት እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። የደም ካሳም እንዲሁ ነው። በዌሴክስ ሕግ የአንድ ተራ ነፃ ገበሬ ደም 200 ሺሊንግ፣ የአንድ መኳንንት 1200 ሺሊንግ ተተምኖለት ነበር። ጉማ ሲከፈልና ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ያየ የወሎ አንባቢ የነገሩን ክብደት ያውቃል፤ አንተ ግን ልዩነቱን ጠብቅ፤ በዚያ ዋጋው እንደ ሰውየው ደረጃ በንጉሥ ሕግ ተጽፎ የተቀመጠ ነበር።

እግርህ አለመርገጡ አያስፈራህ፤ የዛሬ እንግሊዛዊ ደራሲም 9ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን አልረገጠውም። የጠጅ አዳራሻቸውን ለመሳል ስትነሣ አንድ ቀን ወደ አይጠየፍ ውጣ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አዳራሽ ስፋት አይተህ፣ ማን ከንጉሡ አጠገብ፣ ማን ከበሩ አጠገብ እንደሚቀመጥ አስብ። ከዚያም ድንጋዩን አንሣና በእንጨት ተካው፤ ጣራውን ሣር አልብሰው፤ እሳቱን መካከል ላይ አንድደው፤ በውጭ በረዶ አዝንብ። ቢድ ከተረካቸው ሁሉ የማልረሳው የዚህ ዓይነቱን አዳራሽ ነው። የኖርዘምብሪያ ንጉሥ ኤድዊን አዲሱን ሃይማኖት ይቀበል እንደሆነ ሲማከር፣ ከመኳንንቱ አንዱ የሰውን ዕድሜ በክረምት ሌሊት በአንደኛው በር ገብታ፣ በእሳቱ ሙቀት ላይ ጥቂት በርራ፣ በሌላኛው በር ወደ ጨለማው ከምትወጣ ድንቢጥ ጋር አመሳሰለው። ጠጁም የማር መሆኑን አትርሳ፤ ጌሾ ግን አታስገባበት።

ጥያቄ፦ የእኔ ባለታሪክ ንጉሥ ወይም ተዋጊ ሳይሆን ገበሬ ነው። ስለ እሱ የተጻፈ ምንጭ ከየት አገኛለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ስለ ገበሬ የተጻፈው ጥቂት ቢሆንም አንዱ ከወርቅ ይበልጣል። በ1000 ዓመት አካባቢ ኤልፍሪክ የተባለ መነኩሴ ለተማሪዎቹ የላቲን መልመጃ እንዲሆን በጥያቄና መልስ መልክ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ አንድ አራሽ ሥራውን ሲጠየቅ ይናገራል። ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ወደ እርሻ ይነዳል፤ ብርዱ የቱንም ያህል ቢበረታ ጌታውን ስለሚፈራ ቤት መዋል አይደፍርም፤ በቀን አንድ ኤከር ወይም ከዚያ በላይ ማረስ አለበት። ድካሙ ብዙ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ምክንያቱን ይሰጣል፤ ነፃ ሰው አይደለምና። ይህን የጻፈው መነኩሴው እንጂ አራሹ አለመሆኑን እያሰቡ ያንብቡት።

በሬ ጠምዶ ላደገ ሰው የቀረው ቅርብ ነው። እርፉ ሌላ፣ አፈሩ ሌላ፣ በሬዎቹም ከሁለት በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በማለዳ ቀንበር ሲነሣ እጅ ላይ የሚሰማው ብርድ ግን ከቦርከና ዳር እስከ ዌሴክስ አይለያይም። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከአራሹ ጋር በሬዎቹን በመውጊያ የሚነዳ አንድ ልጅ አለ፤ ከብርዱና ከጩኸቱ የተነሣ ድምፁ ሰልሏል። ስሙ አልተጻፈም። ታሪክዎን በእሱ ቢጀምሩ መልካም ይመስለኛል።